የሆላንድ ሎፕ ጥንቸላችሁ ቀለም ምን ይባላል? ደረጃ በደረጃ መለያ

ሻጩ “ቡናማ ናት” ብሎ ሰጣችሁ። ወረቀቷ ላይ “ቼስትነት” ተብሎ ተጽፏል። ጥንቸል የምታረባ ጎረቤታችሁ ደግሞ አንዴ አየት አድርጋ “ኧረ ይቺ ቶርት ናት” አለች። ማን ልክ ነው? ጎረቤቷ ልክ ሳትሆን አትቀርም፤ ሆዷን አይታ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ጀርባ አይቶ ስም ያወጣል። የጥንቸል ቀለም ስም ግን የሚወሰነው በዓይን፣ በሆድ፣ በጆሮ ውስጥና በፀጉሩ ሥር ነው። እነዚህን በተራ ካያችሁ ጥንቸሏን አገላብጦ የሚያይ ባለሙያ አያስፈልጋችሁም።

ይህ መመሪያ ስለ ሆላንድ ሎፕ ነው። ጆሮዋ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ፊቷ ክብ፣ ክብደቷ ከ1.8 ኪሎ የማያልፍ ትንሽ ጥንቸል ናት። አሜሪካ ውስጥ ለቤት ከሚመረጡት ጥንቸሎች ዋነኛዋ ናት ማለት ይቻላል። እንግሊዝ ያላችሁ “ሚኒየቸር ሎፕ” በሚል ስም ታውቋታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ “ሚኒ ሎፕ” የሚባለው ግን ሌላ፣ ተለቅ ያለ ዝርያ ነው። ስሙ እንዳያሳስታችሁ።

ዝርያዋን ያወጣው አድሪያን ደ ኮክ የሚባል የኔዘርላንድስ አርቢ ነው፤ አገሩ ቲልበርግ። እ.ኤ.አ. በ1949 ትልቁን ፍሬንች ሎፕ ከድንክዬዋ ኔዘርላንድ ድዋርፍ ጋር ማዳቀል ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ጆሯቸው ቀጥ ብሎ ቆመበት። ስለዚህ ጆሮ ረጅሙን ኢንግሊሽ ሎፕ ጨመረበት። ዓመታት ፈጅቶ በ1964 በአገሩ ዕውቅና አገኘ። በአንዲት ጥንቸል ውስጥ የሦስት ዝርያ ደም አለ፤ ቀለሟም በዚያው ልክ የትየለሌ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቀን ላይ፣ መስኮት አጠገብ አድርጉት። ቢጫ አምፖል ሥር ግራጫው ሁሉ ቡናማ ይመስላል። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ የስልኩን ፍላሽ አጥፉት፤ ፍላሽ ቡናማውን ዓይን ቀይ ያስመስለዋል። ነጭ ወረቀት ቢኖር ጥሩ ነው። ሆዷ “ነጭ ነው ወይስ ክሬም?” የሚለው ጥያቄ ወረቀቱን አጠገቡ ስታደርጉት ወዲያው ይመለሳል።

ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጧት፤ ወለል ላይ ፎጣ አንጥፋችሁ እዚያው ሥሩ። ጥንቸል የሚያንሸራትት ቦታ ላይ ትደነግጣለች። ስትደነግጥ በኋላ እግሯ ትፈናጠራለች፣ ወገቧንም ልትሰብር ትችላለች። ጆሮዋን ይዞ ማንሳት ፈጽሞ የለም። ልጆች ካርቱን ላይ ያዩትን ሊሞክሩ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሆዷን ለማየት ሁለት ሰው ይመረጣል። አንዱ ወለል ላይ ተቀምጦ የጥንቸሏን ጀርባ ደረቱ ላይ ያስደግፋል፤ አንድ እጁን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫዋ ሥር አድርጎ ቀና ያደርጋታል። ሌላው ያያል። በጀርባዋ አጋድማችሁ አትያዟት። እንዲያ ስትሆን ፀጥ ትላለች፣ ሰውም “ወደደችው” ይላል። ፀጥ ያደረጋት ግን ፍርሃት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዕድሜዋን አረጋግጡ። ከ6 ወር በታች ያለች ጥንቸል የልጅነት ፀጉሯን ገና አልጨረሰችም፤ ዛሬ ያወጣችሁት ስም ሊለወጥ ይችላል። ፀጉሯን እየቀየረች ከሆነም አሮጌውና አዲሱ ተቀላቅሎ ዝብርቅርቅ ስለሚል፣ እስክትጨርስ ጠብቁ።

ደረጃ 1፦ ዓይን

ከዓይን የሚጀመረው ዓይን ስለማይረግፍና ፀሐይ ስለማያደበዝዘው ነው።

ዓይኗ ሮዝ ወይም ቀይ ሆኖ መላ አካሏ ነጭ ከሆነ ሥራችሁ እዚሁ አለቀ፤ ሩቢ አይድ ዋይት ትባላለች። መላ አካሏ ነጭ ሆኖ ዓይኗ ጥርት ያለ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ብሉ አይድ ዋይት ናት። ሁለቱ ነጮች በመልክ ቢቀራረቡም ነጭነታቸው የሚመጣው ከተለያየ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የባሕርይ መመሪያ) ነው።

አካሏ ባለቀለም ሆኖ አንድ ዓይኗ ወይም ሁለቱም ሰማያዊ ከሆኑ፣ ወይም ቡናማው ውስጥ የሰማያዊ ቁራጭ ካለ፣ የብሉ አይድ ዋይት ጂን አንድ ቅጂ ይዛለች ማለት ነው። እንዲህ ያለችው ቪየና ማርክድ ትባላለች። ብዙ ጊዜ ግንባሯ፣ አፍንጫዋ ወይም የፊት እግሯ ጫፍ ላይ ነጭ ጣል ያደርግባታል። ለውድድር አትቀርብም። ለቤት ግን ምን ይሁን ትላላችሁ? እንዲያውም ከሁሉ የሚያምሩት ፊቶች እነዚህ ውስጥ ናቸው።

ዓይኗ ሮዝ፣ አካሏ ነጭ፣ አፍንጫዋ፣ ጆሮዋ፣ እግሯና ጭራዋ ግን ጠቆር ያለ ከሆነ ፖይንትድ ዋይት ናት። በሌሎች ዝርያዎች ሂማሊያን ይሉታል። እኔ ከሁሉም ቀለም የምትገርመኝ እሷ ናት። ቀለም የሚሠራው ኢንዛይሟ ሙቀት አይወድም። መሃል አካሏ ስለሚሞቅ እዚያ አይሠራም፤ ጫፍ ጫፏ ስለሚቀዘቅዝ እዚያ ይሠራል። ውጤቱ በዓይን ይታያል። ማሞቂያ ያለበት አፓርትመንት ውስጥ የምትኖረው ጫፏ ፈዘዝ ይላል። ብርድ ቦታ ያለችው ይጠቁራል። ለማምከኛ ቀዶ ጥገና ሆዷን ወይም ጎኗን የተላጨች ፖይንትድ ዋይት፣ ፀጉሩ በብርድ ወቅት ሲበቅል የተላጨው ቦታ ጥቁር ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ባለቤቱ በሽታ መስሎት ይደነግጣል። በሚቀጥለው የፀጉር ቅያሪ ይጠፋል።

ከእነዚህ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ዓይናቸው ቡናማ ወይም አመድማ ሰማያዊ ነው። የቱ እንደሆነ ጻፉት። ደረጃ 6 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ነጭ አለባት ወይስ የለባትም?

በአሜሪካ የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር ውድድር ሆላንድ ሎፖች የሚከፈሉት በሁለት ነው፤ ሶሊድ እና ብሮክን። ብሮክን ማለት ነጭ መሬት ላይ ሌላ ቀለም የተጣለባት ናት፤ ሶሊድ እንዲህ ያልሆነችው ናት። የገበሬ ልጅ ቢያያት “ቡሬ ናት” ብሎ ያልፋል።

ብሮክን ስትሆን ቀለሙ የሚያርፍባቸው የታወቁ ቦታዎች አሉ። ሁለቱም ጆሮዎች ባለቀለም ናቸው። በዓይኗ ዙሪያ ቀለበት አለ። አፍንጫዋ ላይ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ምልክት አለ፤ ሙሉ ከሆነ ቢራቢሮ ይሉታል። ጀርባዋ ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንዳንዷ ከትከሻ እስከ ጭራ አንድ ወጥ ቀለም ለብሳለች፤ አንዳንዷ እዚህም እዚያም የተበተነ ጠብታ አላት። ሁለቱም ብሮክን ናቸው።

ብሮክንን ከቪየና ማርክድ የሚያምታታ ብዙ ነው። አፍንጫዋን እዩ። ብሮክን አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫዋ ባለቀለም፣ በዙሪያው ነጭ ነው። ቪየና ማርክድ ተቃራኒው ነው፤ ነጩ አፍንጫና ግንባሯ ላይ ያርፍና አካሏ ባለቀለም ይሆናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። አካሏ ነጭ ሆኖ ጆሮዋና ዓይኗ ዙሪያ ብቻ ቀለም ካለባት፣ ጀርባዋም ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ ካለ፣ ቻርሊ ናት። ቀለሙ ከአካሏ 10 በመቶ በታች ከሆነ ከውድድር ያስወጣል። ውድድሩስ ይቅር። የብሮክንን ጂን ከእናትም ከአባትም የወሰደች ናት፤ ከእንዲህ ዓይነቶቹ መካከል ትልቁ አንጀታቸው ቀርፋፋ የሚሆንባቸው አሉ። ሁሉም አይታመሙም፤ ብዙዎቹ ጤነኛ ሆነው ያረጃሉ። ቻርሊ ካላችሁ ግን በጠጧን በየቀኑ እዩ። ትልቅና ቅርጹ የተዛባ ከሆነ፣ ወይም በጠጡ ከቆመ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ድርቆሽ ከፊቷ አይጥፋ።

ብሮክን መሆኗን ካወቃችሁ ነጩን እርሱት። ከዚህ በኋላ የምታዩት ባለቀለሙን ቦታ ብቻ ነው፤ ስሟም “ብሮክን ብላክ”፣ “ብሮክን ቶርት” እየተባለ ይሄዳል። ነጩ ሌላ ሁለት ቀለም አብሮት ካለ፣ ለምሳሌ ጥቁርና ብርቱካናማ ጠብታ ጎን ለጎን፣ ትራይከለር ናት።

ደረጃ 3፦ ፀጉሩን እፍ በሉት

ይሄ ልጆች የሚወዱት ደረጃ ነው። ጎኗ ላይ፣ ከጭራ ወደ ራስ አቅጣጫ፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ እንዲገለበጥ ቀስ ብላችሁ እፍ በሉ። ፊቷ ላይ አታድርጉ፤ ትጠላዋለች። ፀጉሩ ይከፈትና ቆዳው ድረስ ትንሽ ጉድጓድ ይታያችኋል።

ቼስትነት ከሆነች የምታዩት ነገር ያስደንቃል። እንደ ሰፌድ ክብ በክብ የተሠራ ቀለም ነው፤ ከቆዳው አጠገብ ጠቆር ያለ አመድማ፣ መሃል ላይ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ከላይ ጥቁር ጫፍ። ከሩቅ ቡናማ ትመስላለች፤ ቡናማ የሚባል ግን አንድም ፀጉር ላይኖራት ይችላል። ክቦቹን የሚሠራው እያንዳንዱ ፀጉር ከሥር እስከ ጫፍ ቀለሙን እየቀያየረ መብቀሉ ነው። የዱር ጥንቸልም ቀለሟ ይሄው ነው፤ ደረቅ ሣር ውስጥ የሚሰውራትም እሱ ነው።

ክብ በክብ የሆኑት ሁሉ አጉቲ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ይገባሉ። የመሃሉ ክብ ብርቱካናማ መሆኑ ቀርቶ ዕንቁ የመሰለ ነጭ ከሆነ ቺንቺላ ናት። ጫፉ ጥቁር ሳይሆን አመድማ ሰማያዊ፣ መሃሉ ፈዛዛ ወርቃማ ከሆነ ኦፓል ናት። ኦፓልንና ቺንቺላን ከላይ ብቻ አይቶ መለየት ያስቸግራል፤ ሁለቱም “ግራጫ” ይባላሉ። እፍ ስትሉ ግን ወርቃማውና ነጩ ይለያያል።

ክብ ከሌለ ሁለት ነገር ሊታይ ይችላል። አንደኛው፣ ከላይ ያለው ቀለም ወደ ታች እየሳሳ ሄዶ ቆዳው ጋ ፈዘዝ ብሎ ያልቃል፤ መካከሉ ላይ ድንበር የለውም። ሁለተኛው፣ አካሉ ጥቁር ሆኖ የፀጉሩ ጫፍ ብቻ ወርቅ ወይም ብር የተነከረ ይመስላል። እሷ ስቲል ናት። ስቲልን ከቼስትነት የምትለዩት በሆዷ ነው፤ የስቲል ሆድ እንደ ቼስትነት ነጭ አይሆንም፣ ይጠቁራል።

ደረጃ 4፦ ሆድ፣ ጆሮ ውስጥ፣ ማጅራት

አሁን ረዳታችሁን ጥሩና ጥንቸሏን ቀና አድርጓት። የምታዩት አምስት ቦታ ነው፦ ሆድ፣ አገጭ ሥር፣ ጆሮ ውስጥ፣ የዓይን ዙሪያና የጭራ ሥር። አምስቱም ነጭ ወይም ክሬም ከሆኑና ጀርባዋ ክብ ካለው፣ አጉቲነቷ ተረጋገጠ። ቼስትነት ከሆነች በተጨማሪም ከጆሮዋ ኋላ ማጅራቷ ላይ ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘን ታገኛላችሁ። ሆላንድ ሎፕ ጆሮዋ ስለሚሸፍነው ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ጀርባዋ ያለ ክብ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ አምስቱ ቦታ ነጭ ከሆነ ኦተር ናት። ኦተር ላይ ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት የሆድ ዳር ብርቱካናማ ጭረት ይሄዳል፤ ማጅራቷም ብርቱካናማ ነው። ብርቱካናማው የትም ከሌለና በቦታው ነጭ ብቻ ካለ ሲልቨር ማርተን ናት።

አምስቱም ቦታ ከጀርባዋ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ሴልፍ ናት፤ ጥቁር ከሆነች እስከ ጭራ ሥሯ ጥቁር ናት።

አሁን ጎረቤታችሁ ወዳለችው ቶርት እንመለስ፤ መጀመሪያ ግን ከኦሬንጅ እንለያት። ከማንም በላይ የሚምታቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም ጀርባቸው ብርቱካናማ ነው። ሁለቱም ክብ የላቸውም። ሶፋ ላይ ተኝተው ብታዩአቸው መንታ ናቸው ትላላችሁ። ቀና አድርጋችሁ ሆዳቸውን እዩ። ኦሬንጅ ሆዷ ነጭ ነው፤ አገጯ ነጭ፣ የዓይን ዙሪያዋ ነጭ፣ ጆሮዋ ውስጥም የነጣ ነው። ቶርት ሆዷ ጥላሸት እንደነካው ይጠቁራል፤ ጆሮዋና አፍንጫዋ ላይ ጥቁር ጥላ አለ፣ ያ ጥላ በጎኗ ወርዶ ሽንጧን ያጠቁራል፣ እግሯና ጭራዋም እንዲሁ። ቶርትን “ቼስትነት” ብሎ የሚጽፍ ሻጭ የሚያየው ይህን ጥላ ነው፤ ብርቱካናማና ጥቁር አብረው ሲያይ አጉቲ ይመስለዋል። እፍ ብሎ ክቡን ቢፈልግ ባላገኘው ነበር።

አንዳንድ ኦሬንጅ ጆሮዋ ዳር ላይ ትንሽ ጥላ ይኖራታል። ሆዷ ነጭ እስከሆነ ድረስ ኦሬንጅ ናት፤ አትጨነቁ።

ደረጃ 5፦ ቀለሙ ይደምቃል፣ ይፈዛል?

ጥንቸሏን ከጎን ሆናችሁ እዩ። ቀለሙ ከጀርባ ወደ ሆድ ሲወርድ አንድ ነው ወይስ እየፈዘዘ ይሄዳል?

ሲያሚዝ ሴብል የምትባለው ከጭንቅላት እስከ ጭራ በጀርባዋ በኩል ጥልቅ ቡናማ ጥቁር ናት። ጎኗ ላይ ቀስ እያለ ይፈዛል። ፊቷ፣ ጆሮዋ፣ እግሯና ጭራዋ ይጠቁራል። ይህቺን ብዙ ሰው “ቸኮሌት” ብሎ ይሸጣል። ቸኮሌት ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፤ ጥላም የለው፣ ፍዘትም የለው። ሴብል ላይ ጨለም ባለ ክፍል ከጎን ስታዩ ቡናማው ዓይኗ ቀይ ብልጭ ይላል። ቸኮሌትም ያንኑ ስለሚያደርግ በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ ጎኗን እዩ።

የሴብል አመድማ እህቷ ስሞክ ፐርል ናት።

ሴብል ፖይንት ደግሞ ክሬም አካል ላይ ቡናማ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ እግርና ጭራ ያላት ናት። ከፖይንትድ ዋይት ጋር ካምታታችሁ ወደ ዓይኗ ተመለሱ፤ ሴብል ፖይንት ዓይኗ ቡናማ ነው። ከቶርት ጋር ካምታታችሁ ጀርባዋን ከነጭ ወረቀቱ ጎን እዩ፤ የቶርት ጀርባ ብርቱካናማነቱ አይጠፋም፣ የሴብል ፖይንት ግን ክሬም ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ መሠረቱ ከአራቱ የቱ ነው?

እስካሁን ያገኛችሁት ንድፉን ነው። ከሥሩ ግን አራት መሠረታዊ ቀለሞች አሉ፦ ጥቁር፣ ብሉ፣ ቸኮሌት፣ ላይላክ። ከእነዚህ ውጭ የለም። ብሉ የተባለው የሰማይ ሰማያዊ እንዳይመስላችሁ፤ ሰሌዳ የመሰለ ጥልቅ ግራጫ ነው። ላይላክ ደግሞ ፈዛዛ ግራጫ ሆኖ ሮዝ ቢጤ ጣል ያለበት ነው።

የምትፈልጉት የአካሏን በጣም ጠቆር ያለ ቦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የጆሮዋ ጠርዝ ወይም የአፍንጫዋ ላይ። ያ ቦታ ጥቁር ከሆነ መሠረቱ ጥቁር ነው። ግራጫ ከሆነና ደረጃ 1 ላይ ዓይኗን “አመድማ ሰማያዊ” ብላችሁ ከጻፋችሁ ብሉ ወይም ላይላክ ነው። ሁለቱን ለመለየት አንዷን ከሌላዋ ጎን ማየት ይረዳል፤ ብሉ ቀዝቃዛ ግራጫ ናት፣ ላይላክ ሞቅ ያለች።

ሁለት ጂን ናቸው ይህን የሚሠሩት። አንዱ ጥቁሩን ወደ ቸኮሌት ይቀይረዋል። ሌላው የትኛውንም ቀለም ያፈዝዘዋል፤ ጥቁሩ ብሉ ይሆናል፣ ቸኮሌቱ ላይላክ ይሆናል። ሁለቱም ከእናትም ከአባትም ካልመጡ አይታዩም። ለዚህ ነው ሁለት ጥቁር ጥንቸሎች ብሉ ልጅ ወልደው ባለቤቱን ግራ የሚያጋቡት።

አሁን ስሙን ገጣጥሙት። ንድፉ ቶርት፣ ጥላው ጥቁር ከሆነ ብላክ ቶርት፤ ጥላው ግራጫ ከሆነ ብሉ ቶርት። ኦተር ሆና ጀርባዋ ቸኮሌት ከሆነ ቸኮሌት ኦተር። አጉቲዎቹ ግን የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ጥቁሩ ቼስትነት፣ ብሉው ኦፓል፣ ላይላኩ ሊንክስ። የቺንቺላ ብሉ ስኩዊረል ይባላል። ኦሬንጅ ሲፈዝ ፎን የሚለውም ክሪም የሚለውም አርቢ አለ፤ ስሙ ላይ አትጣሉ።

ወላጆቿን የምታውቁ ከሆነ

ወረቀቷ ላይ የእናትና የአባቷ ቀለም ካለ ያወጣችሁትን ስም ማጣራት ትችላላችሁ። አንዳንድ ጥምረት የማይወልደው ቀለም አለ።

ቶርት ከቶርት ቼስትነት አይወጣም። ጥቁርም፣ ኦሬንጅም፣ ኦተርም አይወጣም። ስለዚህ ሁለቱም ወላጆቿ ቶርት ሆነው እሷ “ቼስትነት” ከተባለች፣ ወይ ስሟ ስህተት ነው ወይ የወላጆቿ። ብሉ ከብሉ ጥቁር አይወጣም። ሩቢ አይድ ዋይት ከሩቢ አይድ ዋይት ሌላ ምንም አይወጣም። ሁለቱም ወላጆች ሶሊድ ከሆኑ ብሮክን አይጠበቅም፤ ብሮክን ለመውለድ ቢያንስ አንዱ ብሮክን መሆን አለበት።

ብሮክን ከብሮክን ጋር ሲገናኙ በአማካይ ከአራት ልጆች ሁለቱ ብሮክን፣ አንዱ ሶሊድ፣ አንዱ ቻርሊ ይሆናሉ። ቻርሊ ስላላት የአንጀት ጣጣ ከላይ የጻፍኩትን አስታውሱና፣ ብሮክን ካላችሁ ከሶሊድ ጋር አገናኟት። ግማሹ ብሮክን፣ ግማሹ ሶሊድ ይወጣል፤ ቻርሊ አይወጣም። ይህን እያወቀ ብሮክን ከብሮክን የሚያራባ አርቢ ስታገኙ ምክንያቱን ጠይቁት።

ሩቢ አይድ ዋይት ደግሞ የተዘጋ ሳጥን ናት። ነጩ ቀለሙን ሁሉ ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከሥሩ ቼስትነት ትሁን ቶርት ልጆቿ እስኪወለዱ አታውቁም።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልበል። “ብርቅዬ ቀለም” እየተባለ በላይላክና በሰማያዊ ዓይን ላይ ብዙ ገንዘብ ይጨመራል። እኔ አልጨምርም። ውድድር ላይ እንኳ ዳኛው በዋናነት የሚያየው የጭንቅላቷንና የአካሏን ቅርጽ ነው፤ ቀለም የሚይዘው ነጥብ ጥቂት ነው። ያንን ገንዘብ ጥርሷን የሚያይ ሐኪም ላይ አውጡት። ፊታቸው አጭር ስለሆነ ጥርሳቸው አለመገጣጠም በእነዚህ ጥንቸሎች ላይ ይበዛል።

ቀለሙን የሚያሳስቱ ነገሮች

ፀሐይ ጥቁሩን ያዝገዋል። ግቢ ውስጥ የምትውል ጥቁር ጥንቸል ጀርባዋ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ሊይዝ ይችላል። ጥላ ያልለየው ሆዷ ጥቁር እንደሆነ ስለሚቆይ እሱን እዩ። ነጭ እግር ላይ የሚታይ ቢጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽንት ነው፤ የምትተኛበትን ቀይሩ እንጂ ስሟን አትቀይሩ። ወገቧ ላይ ቀለሙ በመስመር ተቆርጦ ከታያችሁ ፀጉር እየቀየረች ነው።

ሴብል ልጆች በተለይ ያታልላሉ። በመጀመሪያ ሳምንታት ፈዘዝ ብለው ግራጫ ይመስላሉ፤ ፀጉር በቀየሩ ቁጥር እየጠቆሩ ይሄዳሉ። በብሉ የተሸጠች ጥንቸል በወሩ ቡናማ ስትሆን ያየ ሰው ተታለልኩ ይላል። ሻጩም ያኔ አላወቀም ይሆናል።

ገና የተወለዱትን ማየት

ልጆቹ ራቁታቸውን ነው የሚወለዱት፤ ቀለማቸው ግን ቆዳቸው ላይ ይነበባል። ብሮክን ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፤ ቆዳው ላይ ሮዝና ጥቁር ቦታዎች ተለይተው ይታያሉ። ጥቁር ሴልፍ እስከ ሆዱና እስከ ጆሮው ውስጥ ጠቁሮ ይወለዳል። ጀርባው ጥቁር ሆኖ ሆዱና ጆሮው ውስጥ ሮዝ ከሆነ አጉቲ ወይም ኦተር ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ፀጉሩ ወጥቶ ጫፉ ላይ ክብ እስኪታይ ጠብቁ። ሙሉ ሮዝ ከሆነና በተዘጋው የዓይን ሽፋን ሥር ጥቁር ነገር ካልታየ፣ ዓይኑ ሮዝ ሊሆን ነው። ዓይናቸው በ10ኛው ቀን ገደማ ሲከፈት ይረጋገጣል።

ፖይንትድ ዋይት ልጆች ነጭ ሆነው ይጀምሩና ጫፋቸው እያደር ይጠቁራል። ጎጆው ቀዝቅዞባቸው ከነበረ ጀርባቸው ላይም ግራጫ ጭስ የመሰለ ሊያወጡ ይችላሉ። ይሄኛው ይረግፋል፤ ግን ጎጆው ብርድ እንደገባው ይነግራችኋልና እናትየው የነጨችው ፀጉር መብዛቱን ፈትሹ፣ ካነሰ ድርቆሽ ጨምሩ።

እያንዳንዱን ልጅ በየሳምንቱ ከላይም ከሆዱም ፎቶ አንሱት፤ ያው መስኮት፣ ያው ሰዓት ላይ። 8 ሳምንት ሞልቷቸው ከእናታቸው ሲለዩ ንድፉ ተለይቷል። ሴብልና ስሞክ ፐርል ላይ ግን ለገዢው “ይመስለኛል” ብላችሁ ስጡ፤ የ6 ወር ፀጉራቸው ሲወጣ ፎቶ እንዲልክላችሁም ጠይቁት።